ጠግበው የጠፉት ባትሪዎች

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሚዜ ከነሙሉ ልብሱ፣ ደረቱ ላይ የጠወለገች አበባ እንደሰካ፣ ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ተዘረፍን» አለ።

ኢንስፔክተር ሰገነት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። በጥር ወር ሚዜ እያለከለከ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ደጀንም ወደ ሞጣም የሚያስወጣው መንገድ እንዲጠበቅ ልታዝ አፏን ስትከፍት ሚዜው ቀደማት።

«ሙሽራዋ ደህና ናት፤ ጫጉላዋ ውስጥ ተቀምጣለች። የጠፉት ባትሪዎቹ ናቸው።»

ሳጅን አምላኩ ሳቁን ለማፈን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰገነትም ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ግን ዋጠችው። ስጦታው የተባለውን ይህን ሚዜ ታውቀዋለች፤ የጣቢያውን በር የሠራ አናጢ ነው፣ ቁም ነገረኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሰርግ ሳምንት ዓይኑ እንባ ካቀረረ ነገሩ ከባትሪ ያልፋል ብላ ወንበር ሰጠችው።

ሙሽራው እዮብ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነው። እሑድ ዕለት ፀሐይነሽ የምትባል የሞጣ ልጅ አግብቷል። ሌላው ፍቅሩ ደግሞ የሪሞት መኪና ነው። አዝመራው ገብቶ አውድማው ባዶ ሲሆን የቢቸናና የሞጣ ወጣቶች ጠፍጥፎ የደረቀው መሬት ላይ ክንድ የማታህል መኪናቸውን ያሽቀዳድማሉ፤ ከተማውም ወጥቶ ያያል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሸነፈችው ሞጣ ናት። ዘንድሮ ውድድሩ ለሰርጉ ማድመቂያ ማክሰኞ ሊሆን ተቀጥሮ ነበርና እዮብ ደስታው አቅሉን አስቶት ቅዳሜውኑ አምስቱንም ባትሪዎች ጢም አድርጎ ሞላቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አባቱ አቶ ፋንታ፣ ሙሽራ ከመልስ በፊት ከጫጉላ ወጥቶ መኪና ሲያባርር በእኔ ዕድሜ አይታይም ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ውድድሩ ቅዳሜ ወደሚውለው መልስ፣ ወደ ሞጣ ተዛወረ። እዮብም የሱቁን ቁልፍ ለሚዜው በአደራ ሰጥቶ ጫጉላ ገባ።

«ዛሬ ልያቸው ብዬ ሱቁን ብከፍት ሳጥኑ ባዶ ነው» አለ ስጦታው። «እሱስ ይሁን። ግን አቶ ፋንታ ሰምተው፣ የሞጣ ሰዎች እንዳንረታቸው ሰርቀውናል፣ ሌባ ቤት መልስ አልሄድም ብለዋል።»

ሰገነት አሁን ገባት። የሙሽራዋ ወላጆች ድንኳን ተክለው፣ ሰንጋ ጥለው፣ አገሩን ጠርተው ቁጭ ባሉበት አማች ሳይመጣ ቢቀር ሁለት ከተማ ይቀያየማል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በመሃል የምትቀረው ሳምንት ያልሞላት ሙሽራ ናት። እስከ ቅዳሜ ሌባው ካልተገኘ ትዳሩ ከወዲሁ ሊነቅዝ ነው። ቆቧን አነሳች።

* * *

የሱቁ ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮቱም አልተነካም። እዮብ ባትሪዎቹን የሚያኖርበት አሮጌ የጥይት ሳጥን፣ ክዳኑ በሥርዓት ተዘግቶ፣ ባዶውን ተቀምጧል። ውድ የሆነው የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ሁለቱ መኪኖች፣ ለጥገና የመጡ ስልኮች ሁሉ በቦታቸው አሉ። ከባትሪዎቹ ሌላ የጠፋው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ባትሪ ምን ያህል እንደያዘ የምትናገረው የጣት ያህል መለኪያ።

«ስልክ ትቶ መለኪያ የሚወስድ ሌባ» አለ ሳጅን አምላኩ።

ጓሮ ወጡ። አሸዋ የተሞላ ስብርባሪ ጋን ውስጥ አንድ ሆዱ የተነፋ አሮጌ ባትሪ ተጋድሟል። ስጦታው አይቶ ደነገጠ። ይህ ከአምስቱ ውጪ የሆነ፣ ዕድሜው ያለቀ ባትሪ ነው፤ እሑድ ጠዋት ከእንጨት መደርደሪያው ላይ፣ ከወረቀቱ ካርቶን አጠገብ እንደነበር ይምላል። የተነፋ ባትሪ በድንገት እሳት ሊነሳበት ስለሚችል እዮብ አወጣዋለሁ አወጣዋለሁ ሲል ነበር የሰነበተው።

ሰገነት አሸዋውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። አሥራ አራት ዓመት ሌባ ስትፈልግ ኖራለች። የሚሰርቀው ቤት እንዳይቃጠል የሚጨነቅ ሌባ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ከሱቁ ፊት ለፊት ዳቦ የምትሸጠው ይርጋነሽ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ የሞጣ ሰው ጥቁር ፌስታል ይዞ የእዮብን በር ሲያንኳኳ አይታለች፤ ይማም የሚሉት ነጋዴ፣ የሞጣ ተወዳዳሪዎች አለቃ። ሌላስ ስትባል ሳቀች፤ የሰርግ ቤት ሰው እንደሆነ ሲገባ ሲወጣ ነው የሚውለው፣ ስንቱን ልቁጠርልሽ አለቻት።

ሳጅን አምላኩ እጁን አፋተገ። ነገሩ ያለቀ መሰለው። ሰገነት ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ባለንብረቱን ልጠይቅ አለች።

* * *

ጫጉላው በአቶ ፋንታ ግቢ ጥግ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ትራንስፎርመሩ ከሰኞ ጀምሮ ተቃጥሎ ከተማው መብራት የለውም፤ መስኮቱም በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል። እዮብ ካባውን ደርቦ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለች ትንሽ አምፖል ሥር ተቀምጦ ሲተክዝ አገኘችው። ሙሽራዋ ፀሐይነሽ አጠገቡ አንገቷን ደፍታለች። ከሞጣ አብራት የመጣችው ሚዜዋ ስርጉት ወንበር አቀረበች።

እዮብ ስለ ባትሪዎቹ ሲያወራ ስለ ጠፋ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። ከእሱ በቀር ማንም ነክቷቸው አያውቅም፤ ስጦታው እንኳ ማየት እንጂ መንካት አልተፈቀደለትም። ስጦታውም ቁልፉ ከኮቱ ኪስ ወጥቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ሰገነት ኮቱስ ብላ ስትጠይቀው ግን ተንተባተበ፤ ሰኞ ዕለት ጭፈራው ሲሞቅ አውልቆ እዚሁ ጫጉላ ውስጥ ጥሎት ነበር።

«ማን እንዳስወሰደብኝ አውቃለሁ» አለ እዮብ። «ሞጣዎች አንድ መተተኛ አላቸው። ባትሪያቸውን የሚጠብቅላቸው እሱ ነው። የእኛ መኪና መጨረሻው ዙር ላይ ሲደክም የእነሱ ገና መንቃቱ ነው። ማን እንደሆነ ግን ነፍሳቸው ቢወጣ አይናገሩም። እግዜር ይይለት።»

ፀሐይነሽን ሳል ያዛት። ስርጉት ውሃ ልታቀብላት ስትል ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ወደቀ። በዚህ መሃል ስጦታው ድንጋጤውን ሊያበርድ ከአልጋው ጎን ወዳለው ገንቦ እጁን ሰደደ።

«ተው» አለችው ስርጉት እጁን መታ አድርጋ። «ጠጁ ገና አልደረሰም።»

ሰገነት ስትወጣ አቶ ፋንታ ግቢው መሃል ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቋት ነበር። ልጃቸውን ለሞጣ የዳሩት ወደው ነው፤ ምራታቸውም ገና ካሁኑ ዓይን የምትሞላ ልጅ ናት። ነገር ግን አንድ ሰው ልጁን ሰጥቶ በማግስቱ ንብረት ካስወሰደ አማች አይባልም አሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ ሳይሆን ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። ሰገነት እስከ ዓርብ ብቻ እንዲታገሷት ለመነች።

* * *

ሐሙስ ማለዳ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ወጣች። ይማምን ሱቁ ውስጥ፣ በጨርቅ ጣቃና በኤሌክትሪክ ዕቃ ተከቦ አገኘችው። ለምን እንደመጣች ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፈዘዘ፣ ከዚያ ሻይ አስመጣ።

«ወላሂ አልነካሁም» አለ። «ሰርጉ ላይ ለእስላሙ ለብቻ አሳርደው፣ አክብረው ያበሉኝን ሰዎች እሰርቃለሁ? እዮብን መርታት የምፈልገው ዓይኑ እያየ ነው።»

ቢሆንም የጠፉት መቼ የተሞሉ እንደሆኑ ጠየቃት። ቅዳሜ ስትለው እጁን ራሱ ላይ ጣለ።

«ባትሪ እንደ ሰው ነው፣ ኢንስፔክተር። ጠግቦ ብዙ ካደረ ሆዱ ይነፋል፤ ጭራሽ ባዶ ሆኖ ካደረ ይሞታል። ግማሽ ሆድ ሆኖ ቀዝቃዛ ቦታ የከረመ ግን ዕድሜ ይኖረዋል። የሚሞላው በውድድሩ ጠዋት ነው። እናንተም ትጾማላችሁ እኛም እንጾማለን፤ ጥሩ ባትሪም ጾመኛ ነው። እዮብ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ጠግበው እንዲውሉ ከተዋቸው ሌባ ምን ያደርግለታል? እሱ ራሱ ገድሏቸዋል።»

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ? ሱቄ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ የክበባችንን ባትሪ የምትጠብቅልን እሷ ናት። ስሟን አንናገርም፤ ቃል አስገብታናለች። ምን ዋጋ አለው፣ ባለፈው እሑድ ለቀቀችን።»

ሰገነት የሻዩን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሑድ ዕለት ከሞጣ የለቀቀች አንዲት ሴት ታውቃለች፤ ከተማው ሁሉ እየዘፈነ ነው ያወጣት።

«ጥቁሩ ፌስታል ውስጥ ምን ነበር?» አለችው።

«ለሙሽሪት የወሰድኳት መብራት ናት። የሞተር ሳይክል አምፖል ናት፣ እዚህ ሆና ትሠራባት የነበረች። በማስታወሻነት ላኩልኝ ብላ ነበር። እዮብ ሱቅ አለ ብዬ አንኳኳሁ፤ ዝግ ሲሆንብኝ ሰርግ ቤት ሄጄ ለሚዜዋ ሰጠሁ።»

ይማም የተናገረው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ራሱም አልገባውም። ሰገነት ግን አመስግና ወጣች፤ መኪናው ደብረ ወርቅን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም። ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ባሏ ከሩቅ አገር የመጣላት መስሏቸው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት።

* * *

ዓርብ ጠዋት ጫጉላው ሄዳ ወንዶቹን፣ የሴት ጉዳይ ነው ብላ አስወጣች። የተቃጠለው ትራንስፎርመር እስካሁን አልተሠራም። አምፖሏ ግን እንደ ረቡዕ ዕለቱ ትበራለች።

ሰገነት ከአምፖሏ የሚወርደውን ቀጭን ሽቦ በጣቷ ተከትላ ሄደች። ሽቦው ከመጋረጃው ኋላ አልፎ፣ በአልጋው ጎን ወርዶ፣ ገና ያልደረሰው ጠጅ ውስጥ ገባ።

ገንቦው ውስጥ ጠጅ አልነበረም። ከሥሩ ደረቅ አሸዋ አለ፤ አሸዋው ላይ አምስት ባትሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለው ተደርድረዋል።

ስርጉት ማልቀስ ጀመረች። ሰኞ በጭፈራው መሃል ቁልፉን ከስጦታው ኮት አውጥቼ ያመጣኋቸው፣ ያንን የተነፋውንም አሸዋ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አላለችም አለች። ፀሐይነሽ አቋረጠቻት።

«ያዘዝኳት እኔ ነኝ። እሑድ እዚያ ዘፈን መሃል ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ አምስቱንም ሞልቼልሻለሁ አለኝ። መልሰህ ግማሽ ብታደርጋቸውስ ስለው፣ አንቺ ደግሞ ስለ ባትሪ ምን ታውቂያለሽ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝም አልኩ። በየተራ አምፖሏ ላይ እየሰካሁ ቀስ ብለው እንዲወርዱ አደረግኋቸው። አንድ ብቻ ቀርታኝ ነበር። ሳይታወቅ ልመልሳቸው ስል እርስዎ መጡ።»

«ለምን ያኔ አልነገርሽውም?»

«ሁለት ዓመት የሚረግመው መተተኛ እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ስንተጫጭ ልነግረው አሰብኩ፤ ግን እሱ እየረገመ እኔ ስስቅ ጊዜው አለፈ። ፖሊስ ሲገባበት ደግሞ ፈራሁ። ሳምንት ሳይሞላት የባሏን ንብረት ሰረቀች ቢሉኝ እናትና አባቴ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ? አሁን ይይዙኛል?»

ሰገነት አልጋው ጫፍ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። ይህችን ልጅ ወዳታለች፤ አልደበቀችውም። እጇን ያዘቻት።

«እኔ ከተናገርኩት ክስ ይሆናል። አንቺ ከተናገርሽው የባልና የሚስት ጨዋታ ነው። ምረጪ።»

* * *

አቶ ፋንታ፣ እዮብና ስጦታው ገቡ። ሰገነት ባትሪዎቹ መገኘታቸውን፣ ይማምም ሆነ ሌላ ተወዳዳሪ እንዳልነካቸው ነገረቻቸው። ከሞጣ የመጣች እጅ ግን ነክታቸዋለች ስትል አቶ ፋንታ ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ያኔ ፀሐይነሽ ተነሳች። ገንቦውን በሁለት እጇ አቅፋ መጥታ ባሏ እግር ሥር አስቀመጠች፤ መለኪያዋንም ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው። ሁሉንም ራሷ ነገረችው። ስትጀምር ድምፏ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሙሉ ባትሪ ሳምንት ሙሉ መተው ነውር ነው የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ተቆጣች።

እዮብ መለኪያዋን ተቀበለ። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ለካ። መለኪያዋ ጢጥ ጢጥ አለች። አራቱ ልክ በልክ ግማሽ ናቸው። አንዱም አልሞቀም፣ አንዱም አልተነፋም። አምስተኛውን ሊለካ ሲነቅለው አምፖሏ ጠፋች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሥሯ ተቀምጦ ባትሪዎቼ እያለ ያለቀሰባት አምፖል ጨለማ ውስጥ ተወችው።

«የሞጣው መተተኛ አንቺ ነሽ?» አለ በጨለማው።

«እኔ ነኝ።»

«ሁለት ዓመት የረገምኩት አንቺን ነው?»

«አንዳንዴም ፊት ለፊቴ።»

ስጦታው መጋረጃውን ሲገልጠው እዮብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል። የሚያለቅስ መስሏቸው ነበር። እየሳቀ ኖሯል። አቶ ፋንታ ግን ገና አልሳቁም፤ ምራታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«እንግዲህ ባትሪውን የሚጠብቀው ሰው እኛ ቤት ከገባ» አሉ በቀስታ፣ «የተዘረፈው ሞጣ ነው ማለት ነው። በሉ ተነሱ፣ ለነገ መኪና ተከራዩ። መልሱ አይቅር።»

* * *

ቅዳሜ ሞጣ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ሽማግሌው ሳይቀር ወደ አውድማው ወረደ። ሁለቱም ከተማ ስለሚያምናት ዳኛ እንድትሆን የተመረጠችው ሰገነት ናት፤ የፖሊስ ልብሷን ትታ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። የእዮብ ባትሪዎች ጠዋት የተሞሉት ይማም ሱቅ ውስጥ፣ ፀሐይነሽ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነው።

መኪኖቹ ተለቀቁ። የይማም አረንጓዴ መኪና ገና ከመነሻው መራች፤ የሞጣ ሰው ጮኸ። እዮብ ከንፈሩን ነክሶ በቀይዋ መኪናው ተከተለ። ከዙር ዙር ሲዞሩ ቆይተው የመጨረሻው ዙር ላይ አረንጓዴዋ መለገም ጀመረች፤ ከእሑድ ወዲህ ባትሪዋን የሚጠብቅላት አልነበረማ። ቀይዋ ግን ገና አሁን የነቃች ይመስል አቧራውን አስነስታ፣ ጎኗን እየታከከች አለፈቻት። በአንድ ስንዝር ቀድማ ገባች። አቶ ፋንታ ከዘራቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ ሲወርድ የያዘላቸው የሙሽራዋ አባት ነው።

እዮብ ወደ መኪናዋ ሮጠ። እንደ ልማዱ ባትሪውን አውጥቶ ወደ ቻርጀሩ ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ልሰካው?»

«ትኩስ ነው። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።»

«እሺ» አለ። አውድማው ሙሉ ሰው ሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ይማም በሕዝቡ መሃል እየተጋፋ ሰገነት ጋ መጣ። ፊቱን አኮሳትሮ፣ ኢንስፔክተር፣ እኔም የማመለክተው አለኝ፣ ሰርግ ነው ብለው ባትሪ ጠባቂያችንን ወስደውብናል አላት። ሰገነት ተጠርጣሪዎቹ እዚያ እንዳሉ በአገጯ አሳየችው። ስጦታው ከእሑድ ጀምሮ ሲያስጨንቀው የሰነበተውን የሱቅ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ይኸው አደራህ ብሎ ለእዮብ አስረከበ። እዮብ ወደ ኪሱ አልከተተውም። የሚስቱን እጅ ስቦ መዳፏ ላይ አስቀመጠውና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፎ ዘጋበት።

«ከእንግዲህ ሲጠፉ» አላት፣ «ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ።»

ሰገነት ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ውጣ የያዘችውን ሳቅ ያን ጊዜ ለቀቀችው።